በጅማ አሮጌ የጭቃ ቤት ውስጥ የተሠራ የሶኬት ጥገና፦ ክረምቱ ካለፈ በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ በሚገኘው የወላጆቼ ቤት የሶኬትና የመስመር ጥገና ያሠራነው የበልጉ ዝናብ ገና ሲጀማምር ነበር። ይህን ግምገማ እስካሁን ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው፤ እርጥበት በሚበዛበት አገር የኤሌክትሪክ ሥራ ጥራት የሚለየው ባለሙያው ሒሳቡን ተቀብሎ በሄደበት ዕለት ሳይሆን፣ ግድግዳው የሐምሌንና የነሐሴን ውኃ ጠጥቶ ከከረመ በኋላ ነው። ሥራውን የሠሩልን በከተማው ውስጥ አነስተኛ ወርክሾፕ ያላቸው አንድ አንጋፋ ኤሌክትሪሺያንና አብሯቸው የሚሠራ ወጣት ረዳታቸው ናቸው። በጥቅሉ ሥራቸውን ወድጄዋለሁ፤ የሚነቀፍም አላጣሁበትም። ሁለቱንም ዘርዘር አድርጌ የማቀርበው እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው ለጥገና ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ምን እንደሚገዛ እንዲያውቅ ስለምፈልግ ነው።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም በክረምት ወራት ብቻ ሳይወሰን ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረምና ከዚያም በኋላ ይዘልቃል። አሮጌዎቹ ቤቶች በአብዛኛው በእንጨትና በጭቃ ተሠርተው ዓመታት ካለፉ በኋላ በሲሚንቶ የተለሰኑ ናቸው። ጭቃ እርጥበትን በቀላሉ ይስባል፣ በቀላሉም ይለቃል፤ ሲሚንቶ ሲለሰንበት ግን የሳበው እርጥበት የሚወጣበት መንገድ ይጠብበታል። በልስኑ ላይ ከቀሩት ክፍት ቦታዎች ዋናዎቹ ደግሞ የሶኬትና የማብሪያ ማጥፊያ ጉድጓዶች ናቸው፤ ግድግዳው በክረምት የሚተነፍሰው በእነሱ በኩል ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቤት ሶኬት የሚበላሸው ጣሪያው አፍስሶ ውኃ ሲነካው ብቻ አይደለም፤ ከላይ አንዲት ጠብታ ሳትደርስበትም ከጀርባው በሚመጣው እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላል።

ይህን በዓይናችን ያየነው አንጋፋው ባለሙያ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ አንዱን ሶኬት ነቅለው ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ነው። ፊቱ ንጹሕ ነበር፤ ነጩ ፕላስቲክ በቅርብ የተቀየረ በመሆኑ ማንም ሰው አይቶት ደህና ነው ባለ ነበር። ከጀርባው ግን የመዳብ ሽቦዎቹ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል፤ የብሎኖቹ ራስ ቡናማ ሆኗል፤ ወንዴውን ጨብጦ የሚይዘው የነሐስ ምላስ በአንድ ወገን ጠቁሮ ላልቷል። ሶኬቱ የተቀመጠበት የቆርቆሮ ሳጥን ታቹ በዝገት ተበልቶ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል፤ በሥሩም እርጥብ አፈርና ነጭ ጨው የመሰለ ብናኝ ተከማችቷል። ከሁሉ የከፋው፣ በጨርቅና በጎማ የተሸፈነ የድሮ ሽቦ ከአዲስ የፕላስቲክ ሽቦ ጋር በእጅ ተጠምዝዞ፣ ያለ ሞርሴቶ (ሽቦዎችን በብሎን አጥብቆ የሚያገናኝ ዕቃ) በፕላስተር ብቻ ተጠቅልሎ መገኘቱ ነው። ፕላስተሩ እርጥበቱን ይዞ ስለቆየ ሙጫው ቀልጦ ሲነኩት ይንሸራተት ነበር።

እንዲህ ያለው መገናኛ ለምን እንደሚያቃጥል ማወቅ ጠቃሚ ነው፤ ብዙ ሰው «ብሬከር ስላለን ችግር የለም» ሲል እሰማለሁና። ብሬከር የሚጠፋው በመስመሩ ውስጥ የሚያልፈው አምፔር ከተመደበው ሲበልጥ ወይም ኮንታክት ሲፈጠር ነው። የዛገና የላላ መገናኛ ግን አምፔሩን አይጨምርም። በአንድ የዛገ ብሎን ላይ የአንድ ኦም አንድ አሥረኛ ያህል ተቃውሞ ቢፈጠርና 16 አምፔር ቢያልፍበት፣ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ከ25 ዋት የሚበልጥ ሙቀት ይወጣል፤ ይህም በግድግዳ ውስጥ አንድ አነስተኛ የብየዳ ካውያ ሰክቶ እንደ መተው ነው። ብሬከሩ ይህን ሙቀት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሚያውቀው የቤቱ ሰው ነው፤ ፕላስቲኩ ሲሞቅ፣ ሲቀላ፣ የተቃጠለ ዓሣ የመሰለ ሽታ ሲመጣ ወይም ዕቃ ሲሰካ «ጥዝዝ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ነገሩ እንደተበላሸ ይገባዋል።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። እነዚህን ባለሙያዎች ከዚህ በፊት ወደ ቤታችን ከመጡት የለያቸው ገና ከበር ሲገቡ የጠየቁት ጥያቄ ነው። ሌሎቹ ካቻቪቴና አዲስ ሶኬት ይዘው መጥተው የተበላሸውን ፊት ቀይረው ይሄዱ ነበር። አንጋፋው ባለሙያ ግን በመጀመሪያ ማንኛውንም ነገር ሳይነኩ እናታችንን «እማማ፣ የሚነዝርዎት የቱ ጋ ነው? ዝናብ ሲዘንብ ይብሳል ወይስ ሁልጊዜ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ መልሷን ከሰሙ በኋላም ዋናውን ብሬከር አጥፍተው፣ መጥፋቱን በመልቲሜትር አረጋግጠው፣ እያንዳንዱን ሶኬት እየፈቱ ማየት ጀመሩ። ረዳታቸው በየሶኬቱ ፊት በእርሳስ ቁጥር እየጻፈ ያገኙትን በደብተር ይመዘግብ ነበር።

ከምርመራው ሁሉ ትልቅ ዋጋ የምሰጠው ለኢንሱሌሽን ልኬቱ ነው። ብዙዎቹ የሰፈር ባለሙያዎች ይህን አያደርጉም፤ ተራ መልቲሜትር በትንሽ ባትሪ ስለሚሠራ በሽቦውና በእርጥቡ ግድግዳ መካከል ያለውን ፍሳሽ አይገልጠውም። እነሱ የተጠቀሙት ሜገር የሚባለውን መሣሪያ ሲሆን፣ ዕቃው ሁሉ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ 500 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ በመስመሩ ላይ ለቅቆ የሽፋኑን ተቃውሞ ይለካል። ዓለም አቀፉ የሥራ ደንብ በእንደኛው ዓይነት የ220 ቮልት መስመር ላይ ቢያንስ 1 ሜጋኦም (አንድ ሚሊዮን ኦም) እንዲገኝ ይጠይቃል። የወጥ ቤቱና የጓዳው መስመር ከዚህ በእጅጉ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ የሳሎኑና የአንዱ መኝታ ቤት መስመር ግን ከሚፈለገው በብዙ እጥፍ የላቀ ነበር። እዚህ ላይ ባለሙያው «ይኼ መስመር ጤነኛ ነው፤ ሶኬቱን ብቻ አጥብቀን እንተወው፣ ገንዘባችሁን ለወጥ ቤቱ አውሉት» አሉን። የቤቱን መስመር በሙሉ አዲስ እናድርገው ቢሉን እሺ ለማለት ተዘጋጅተን ስለነበር፣ ይህ ቃላቸው ሥራቸውን እንድናምን ካደረጉን ነገሮች ዋነኛው ሆነ።

ጥገናው ራሱ የተጀመረው ከግድግዳው ነው። በወጥ ቤቱ የውጭ ግድግዳ ላይ የነበሩትን ሶኬቶች በዚያው እርጥብ ጉድጓድ ውስጥ በአዲስ መተካትን አልተቀበሉም፤ ጉድጓዶቹን ባዶ አድርገው ከዘጉ በኋላ ሶኬቶቹን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዛወሯቸው። ከመሬት ወደ ላይ የሚሳበው እርጥበት የሚበዛው በግድግዳው የታችኛው ክፍል ስለሆነም ከፍታቸውን ከወገብ በላይ አደረጉት። ማዛወር ያልተቻለበት የጓዳው ሶኬት ደግሞ በግድግዳው ውስጥ ሳይቀበር ከላዩ ላይ በፕላስቲክ ሳጥን ተሠራ፤ ከሳጥኑና ከግድግዳው መካከልም አየር እንዲያልፍ ቀጭን ክፍተት ተተወ። ለሶኬት መስመሮች ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ከ16 አምፔር ብሬከር ጋር የተጠቀሙ ሲሆን፣ መገናኛዎቹ ሁሉ በስካቶላ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን) ውስጥ በሞርሴቶ ታሰሩ እንጂ የትም ቦታ በፕላስተር የተጠቀለለ መጋጠሚያ አልቀረም።

ክዳን ያላቸውንና ውኃ የማያስገቡ ተብለው የሚሸጡትን ሶኬቶች በተመለከተ የራሴን አስተያየት ልጨምር። በላያቸው ላይ «አይፒ 44» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሶኬቶች ከ1 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ነገር እንዳይገባባቸውና ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውኃ እንዳይጎዳቸው የተሠሩ ናቸው። ለእቃ ማጠቢያው አጠገብ ሶኬት ጥሩ ምርጫ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ነገር ግን አንዳንዶቹ ወንዴው ተሰክቶ ሳለ ክዳናቸው ስለማይገጥም ጥበቃቸው የሚሠራው ማንም ሳይጠቀምባቸው ብቻ ነው፤ ስትገዙ የቤታችሁን አንድ ወንዴ ሶኬት ይዛችሁ ሄዳችሁ ሰክታችሁ ክዳኑን ብትሞክሩ ይሻላል። ሌላው ነጥብ ከፊት የሚረጨውን ውኃ የሚከለክል ጥሩ ክዳን ከኋላ የሚመጣውን የግድግዳ እርጥበት አፍኖ ሊያስቀረው መቻሉ ነው። ባለሙያዎቹ ይህን ስለሚያውቁ በሳጥኑ ታችኛ ጫፍ ላይ ፋብሪካው ያዘጋጀውን የውኃ ማስወጫ ቀዳዳ ከፈቱት፤ ሽቦውንም ከላይ በቀጥታ ከማስገባት ይልቅ ወደ ታች አጠፍ አድርገው ከሥር አስገቡት፤ በሽቦው ላይ የሚወርድ ጠብታ ካለ ከእጥፋቱ ላይ እንዲንጠባጠብ ነው።

ለሥራው ከወጣው ገንዘብ ውስጥ በፍጹም ያልቆጨኝ ለአርሲዲ የከፈልነው ነው። አርሲዲ በፌዝ የሚገባውንና በኒውትራል የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ ያነጻጽራል፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ የጎደለው በግድግዳ፣ በዕቃው አካል ወይም በሰው ገላ በኩል ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው ማለት ስለሆነ መስመሩን ያጠፋዋል። ሰው የሚነካቸውን ሶኬቶች ለመጠበቅ የሚመረጠው ባለ 30 ሚሊ አምፔር ነው፤ ተራው ብሬከር ለመጥፋት ስንት አምፔር እንደሚጠብቅና እርጥብ እጅ ያለውን ሰው ልብ ለማወክ ምን ያህል ትንሽ ኤሌክትሪክ እንደሚበቃ ለሚያስብ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሆኖም ተራው አርሲዲ ከመጠን ያለፈ ጭነትን ስለማይከላከል ብሬከርን አይተካም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ካልሆነም ሁለቱን ሥራ በአንድ የያዘውን መግዛት ነው።

በገበያ ላይ ስመ ጥር የፋብሪካ ስም የተለጠፈባቸው አስመስለው የተሠሩ ዕቃዎች ስላሉ፣ ባለሙያው ያመጡትን አርሲዲ ከመግጠማቸውም በፊት ከገጠሙም በኋላ ፈተሹት። «ቲ» የሚል ፊደል ያለበትን መሞከሪያ ቁልፍ መጫን ብቻውን አልበቃቸውም፤ ፍሳሽ በልክ እየፈጠረ በስንት ሚሊ ሰከንድ እንደጠፋ የሚያሳይ መሣሪያ በየሶኬቱ ሰክተው አሳዩን። ደንቡ በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ ላይ ከ300 ሚሊ ሰከንድ በፊት እንዲጠፋ ያዝዛል፤ የእኛው ከዚያ በጣም ፈጥኖ ጠፋ። ይህን ፈተና የማያሳይ ባለሙያ ሲገጥማችሁ መሣሪያው በእርግጥ እንደሚሠራ ቃሉን ብቻ አምናችሁ መቀበላችሁ እንደሆነ እወቁ።

አሁን ወደ ምጣዱ እመጣለሁ፤ በአሮጌ ቤት የሶኬት ነገር ሲነሳ ምጣዱን ትቶ ማውራት አይቻልምና። የእናታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ይህ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ይጠጋል፤ ማለትም ተራውን የግድግዳ ሶኬት እስከ መጨረሻው አቅሙ ድረስ፣ ለዚያውም እንጀራው እስኪያልቅ ለረጅም ሰዓት ያስጨንቀዋል። በየቤቱ አንድ ጎኑ ቀልጦ ቡናማ የሆነ ሶኬት የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። ባለሙያዎቹ ለምጣዱ ከዋናው ማከፋፈያ ሰሌዳ በቀጥታ የሚመጣ ባለ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ዘርግተው፣ ባለ 20 አምፔር ብሬከርና ሰማያዊ ክብ የኢንዱስትሪ ሶኬት ገጠሙለት። ይህ ሶኬት ወፍራም ሦስት እግሮች ያሉት፣ ወንዴውን አጥብቆ የሚይዝና ክዳን ያለው ነው፤ እናታችን መጀመሪያ ከብዷት የነበረ ቢሆንም አሁን ለምዳዋለች። ከጋገረች በኋላ እጄን አስጠግቼ ስነካው ለብ እንኳ አይልም።

አርሲዲው ከተገጠመ በኋላ ግን ምጣዱ በተሰካ ቁጥር መብራቱ ይጠፋ ጀመር። የምጣዱ የማሞቂያ ሽቦ በሸክላው ቦይ ውስጥ ተዘርግቶ በጀሶ የተመረገ ነው፤ ሸክላውም ጀሶውም እርጥበት ይስባሉ፤ በተለይ ምጣዱ ለቀናት ሳይሠራ በእርጥብ ወጥ ቤት ሲቆይ ኤሌክትሪኩ በእርጥቡ ሸክላ በኩል ወደ ብረት አካሉ ይፈስሳል። እናታችን ለዓመታት «ትንሽ ይነዝራል» እያለች በእንጨት ዱካ ላይ ቆማ ስትጋግር የኖረችው ከዚህ የተነሳ ነው። እንጀራዋ በመሃል ተቋርጦ ሊጡ ሲበላሽባት «ይህንን ነገር አንሱልኝና እንደ ድሮው ልጋግር» አለች። ብዙ ባለሙያዎች በዚህ ጊዜ ምጣዱን ከአርሲዲው ውጪ በቀጥታ አስረው ይሄዳሉ፤ ደንበኛው ደስ ይለዋል፣ አደጋው ግን ባለበት ይቀጥላል። አንጋፋው ባለሙያ በአክብሮት እምቢ አሉ። «እማማ፣ መብራቱ የጠፋው ምጣድዎ ስላፈሰሰ ነው። ያን አጥፍቼ ብሄድ የሚፈሰው በእርስዎ እጅ ነው፤ ይህን አላደርግም። ምጣዱን ልሥራልዎት» አሏት።

ምጣዱን ገልብጠው ሲያዩት ጀሶው ተሰነጣጥቆ በአንድ ቦታ ሽቦው ራቁቱን ከብረቱ ጋር ሊነካካ ተቃርቦ ነበር። አሮጌውን ጀሶ ፈልፍለው አውጥተው፣ ሽቦውን አስተካክለው፣ እንደገና መርገው በፀሐይ ካደረቁት በኋላ የብረት አካሉን ፍሳሹን ወደ መሬት ከሚወስደው የግራውንድ ሽቦ ጋር አገናኙት፤ በሜገርም ደግመው ለኩት። ለምጣዱ የራሱ የሆነ አርሲዲ ስለተገጠመለትም ምናልባት እርጥበት ስቦ ቢያጠፋ እንኳ የቤቱ መብራትና ማቀዝቀዣው አብረው አይጠፉም። በክረምቱ አጋማሽ አንድ ሰሞን ምጣዱ ሳይሠራ ቆይቶ እንደገና አጥፍቶባት ነበር፤ በነገሯት መሠረት ምጣዱን ከወጥ ቤት አውጥታ ፀሐይ ላይ ካሰነበተችው በኋላ ያለ ችግር ጋገረች። አሁን ከጋገረች በኋላ ምጣዱን ከግድግዳ ራቅ አድርጋ አየር በሚያገኝበት ቦታ ታስቀምጠዋለች።

የግራውንድ ሥራውም ሊጠቀስ ይገባዋል። ቤቱ መጀመሪያ መብራት ሲገባለት በሁለት ሽቦ ብቻ የተዘረጋ ነበር፤ በኋላ የተገጠሙት ባለ ግራውንድ ሶኬቶች የጎን ምላሳቸው ከምንም ጋር ያልተገናኘ ጌጥ ነበር። በአንዱ ሶኬት ውስጥ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር ተገኘ፤ ቀደም ሲል የሠራ ሰው ኒውትራሉን በአጭር ሽቦ ከግራውንዱ ምላስ ጋር አገናኝቶት ነበር። በመልቲሜትር ሲለካ ግራውንድ ያለ ይመስላል። ነገር ግን ኒውትራሉ በምሰሶው ላይም ሆነ በስካቶላው ውስጥ ቢበጠስ ወይም ቢላላ የማቀዝቀዣው የብረት አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ባለሙያው ቆርጠው ካወጡት በኋላ ሽቦውን ለአባታችን ሰጥተው ምን ሊያደርስ ይችል እንደነበር በትዕግሥት አስረዱት። ከዚያም ከቤቱ ጀርባ፣ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ በሚያርሰው መሬት ላይ በመዳብ የተለበጠ የግራውንድ ዘንግ ቀብረው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ወደ ሰሌዳው አመጡ። ለቤቱ ግድግዳ ጠላት የሆነው የጅማ እርጥበት ለግራውንድ ዘንግ ወዳጅ ነው፤ እርጥብ አፈር ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ። በ30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ለሚጠበቅ ቤት የነካ ሰው ላይ የሚደርሰው ቮልት ከ50 እንዳይበልጥ የዘንጉ ተቃውሞ በስሌት እስከ 1,666 ኦም ድረስ ሊፈቀድ ይችላል፤ እነሱ ግን በዚህ ሳይዘናጉ በበጋ አፈሩ ሲደርቅም አስተማማኝ እንዲሆን በጣም ዝቅ ያለ ልኬት እስኪያገኙ ድረስ ሁለተኛ ዘንግ ጨመሩበት።

መጀመሪያ የምነቅፈው ከውጭው ግድግዳ ላይ የነበሩትን የሶኬት ጉድጓዶች የዘጉበት መንገድ ነው። በጀሶ ነው የደፈኗቸው፤ ጀሶ ቶሎ ስለሚደርቅ ለሠራተኛ ምቹ ቢሆንም እርጥበት ስለሚስብ በነሐሴ መጨረሻ ሦስቱም ቦታ ላይ ቀለሙ ተነስቶ ሻጋታ ወጣባቸው። ውስጣቸው ሽቦ ስለሌለ አደጋ የለውም፤ ነገር ግን ስለ እርጥበት ይህን ያህል የሚያውቁ ሰዎች ይህን ማድረጋቸው አላስደሰተኝም። ሁለተኛው የጽሑፍ ጉዳይ ነው። ረዳቱ በደብተሩ የመዘገበውን ልኬትና የትኛው ብሬከር የትኛውን ክፍል እንደሚያጠፋ የሚያሳየውን ዝርዝር ያገኘነው ደጋግመን ከጠየቅን በኋላ ነው፤ ይህ ወረቀት ሥራው ሲያልቅ ያለ ጥያቄ ለባለቤቱ ሊሰጥና ግልባጩ በሰሌዳው ክዳን ውስጥ ሊለጠፍ ይገባ ነበር። የሳሎኑ ትራንኪንግ (ሽቦ የሚያልፍበት የፕላስቲክ ቦይ) በአንድ ማዕዘን ላይ በትክክል አልገጠመም፤ በቀጠሮ ሰዓት በኩልም ማልደው እንመጣለን ብለው ከሰዓት በኋላ የመጡበት ጊዜ አለ፤ እነዚህን ግን ቀላል አድርጌ አያቸዋለሁ።

ከዚህ የበለጠ ክብደት የምሰጠው ለጣሪያው ጉዳይ ነው። ከጓዳው በላይ ያለው ቆርቆሮ ሚስማሩ ላልቶ እንደሚያፈስና ኮርኒሱ ላይ ያለው ስካቶላ አንድ ቀን ውኃ ሊደርስበት እንደሚችል አንጋፋው ባለሙያ አይተው ነግረውናል፤ ሥራቸውን ግን ቀጠሉ። እርግጥ ጣሪያ የአናጺ እንጂ የኤሌክትሪሺያን ሥራ አይደለም። ቢሆንም የጓዳውን መስመር ከመዘርጋታቸው በፊት «መጀመሪያ ጣሪያውን አሠሩ» ብለው አጥብቀው ቢያዙን ኖሮ እንታዘዛቸው ነበር። አባታችን ቆርቆሮውን ያስጠገነው ዝናቡ ከበረታ በኋላ ነው፤ እስከዚያው ድረስ የጓዳው መስመር ብሬከር ጠፍቶ ቆይቷል።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ረዳቱ በገቡት ቃል መሠረት ያለ ተጨማሪ ክፍያ መጥቶ መስመሮቹን በሜገር ደግሞ ለክቷል። ዝናቡ በበረታበት ወቅት ማግስትም ቢሆን የወጥ ቤቱ መስመር ከሚፈለገው በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኝቷል፤ ሶኬቶቹም ተፈትተው ሲታዩ ብሎኖቹ እንደጠበቁ፣ ነሐሱ እንዳበራ ነው። የጓዳው ሶኬት ሳጥን ታች ብቻ ጥቂት ጤዛ ነበረው፤ በማስወጫው ቀዳዳ በኩል መንጠባጠቡን በግድግዳው ላይ ያለው መስመር ያሳያል። ማንም ሰው ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ አልተነዘረም።

ክፍያውን በተመለከተ ከጠቅላላው ሒሳብ ከግማሽ የሚበልጠው የዕቃ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ሽቦውና አርሲዲዎቹ ዋናውን ድርሻ ይይዛሉ። ዕቃውን በራሳችን እንድንገዛ ፈቅደው ዓይነቱንና መጠኑን ጽፈው ስለሰጡን ከየሱቁ ዋጋ ለማነጻጸር ችለናል፤ ባለሙያ ስትቀጥሩ ይህን እንዲፈቅድላችሁ ጠይቁ። የእጅ ዋጋቸው ፊት ቀይሮ ከሚሄድ የሰፈር ባለሙያ በጣም የሚበልጥ ቢሆንም፣ ልኬቱን፣ የምጣዱን ሥራና ከክረምት በኋላ የተደረገውን ዳግም ፍተሻ ሲያካትት ተገቢ ነው እላለሁ። ገንዘብ የሚያጥረው ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማሠራት ባይችል በመጀመሪያ በዋናው ሰሌዳ ላይ ባለ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ያስገጥም፤ አርሲዲ ግራውንድ በሌለበት ቤትም ቢሆን ኤሌክትሪክ ሰው ሲይዝ መስመሩን ይቆርጣልና። ቀጥሎ ምጣዱን በራሱ መስመር ላይ ያድርግ፤ ከዚያ በኋላ የውጭ ግድግዳ ሶኬቶችን ያዛውር። የሳሎኑ ሶኬት ፊት ቢጫ መሆኑ እስከ መጨረሻው ሊቆይ ይችላል። የእኛ ቤት የቀረው ሥራ የእንግዳ ማረፊያው ክፍል መስመር ሲሆን፣ በሚቀጥለው በጋ ግድግዳው ሲደርቅ እነዚሁ ባለሙያዎች እንዲሠሩት ተስማምተናል፤ በዚህ ጊዜ ጉድጓዶቹ በጀሶ እንዳይደፈኑ በውሉ ላይ ተጽፏል።